ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአያት እስከ የካ አባዶ፣ በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ ከፍተው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ የቤት ንድፍ የሚሠሩና አኒሜሽን የሚሞክሩ ወጣቶች በዝተዋል። ወደ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «አርቲኤክስ 4090 ብገዛ ያዋጣኛል?» አሁን አሁን «5090ስ?» የሚልም ተጨምሮበታል። ሁለቱም ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ውድ የግራፊክስ ካርዶች፣ ማለትም ምስልና ቪዲዮ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ክፍሎች ናቸው። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ካርዱን ከሚሸጥላቸው ሰው ስለሆነ፣ የሚሸጥ ካርድ የሌለን ሰዎች የምናውቀውን በጋዜጣችሁ ለማካፈል ወደናል።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ውድ ካርድ የሚያዋጣው በጣም ጥቂት በሆኑ ሥራዎች ላይ ነው። በእነዚህ ጥቂት ሥራዎች ላይ ግን ከመሀል ከተማ ይልቅ ዳርቻው ላይ ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያዋጣል። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ምክንያቱ መብራት ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ የቱ ጋ እንደሚያስጠብቃችሁ ነው። ሥራው በከበደበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ 5 ደቂቃ ተመልከቱ። የፕሮሰሰሩን ግራፍ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ እያንዳንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ ማስሊያ ክፍል) ለየብቻ እንዲታይ አድርጉ። ካርዱ 95 በመቶ ላይ ተለጥፎ ከቆየ የሚያስጠብቃችሁ ካርዱ ነው። ካርዱ 40 እና 50 ላይ እየዋለለ ከኮሮቹ አንዱ 100 ከነካ ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙ ያው 40 የነበረው 15 ይሆናል እንጂ ሥራው አይፈጥንም። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በአንድ ራምና በአንድ ኤስኤስዲ ያልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ታስክ ማናጀር ከላይ የሚያሳየው የ3ዲ ግራፉን ነው። ብሌንደር የተባለው የ3ዲ ፕሮግራም በኩዳ (ካርዱን ለስሌት በሚያሠራው የኤንቪዲያ ዘዴ) ሲያሰላ ያ ግራፍ ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ካርዱ ግን እየነደደ ነው። ስለዚህ ጂፒዩ ዚ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ጭናችሁ ከዚያ ላይ አንብቡ። ለጌም የሚሆነው ፈተና ይበልጥ ይቀላል። የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱት፤ ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነበር፣ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው።

ወደ ሥራዎቹ እንግባ። የሠርግ ቪዲዮ ላይ ትንሽ ረዘም እንላለን፤ በዳርቻው ብር በከንቱ የሚፈስበት ዋናው ቦታ እሱ ነውና። ፕሪሚየር በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ታይምላይኑ የሚንተባተበው አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ካሜራው የቀረጸውን የታመቀ ፋይል ኮምፒውተሩ በሃርድዌር (ለዚሁ በተሠራ የቺፕ ክፍል) መፍታት ስላልቻለ ነው። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 የተባለው ካሜራ በውስጡ የሚቀርጸው 8 ቢት 4:2:0 ነው (ቁጥሮቹ ፋይሉ ምን ያህል የቀለም መረጃ እንደሚይዝ ይናገራሉ)፤ የቅርብ ጊዜ ካርድ ሁሉ ይህንን ያለ ጭንቅ ይፈታዋል። ኤ7 ማርክ 4 ግን 10 ቢት 4:2:2 ይቀርጻል። የኤንቪዲያ ካርዶች 4:2:2ን በሃርድዌር መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከወጣው ከ50 ተከታታይ ነው። ያ ሁሉ ብር የወጣበት 4090 አይፈታውም፤ ሥራው ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በአንጻሩ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ኤች.265 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት የተቀረጸውን 10 ቢት 4:2:2 ይፈታል። አንድ ተራ ኮር አይ5 12400 ፕሮሰሰር በዚህ ጉዳይ ከ4090 ይሻላል ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ግን የፕሮሰሰሩ ስም «ኤፍ» በሚል ፊደል የማያልቅ ከሆነ ነው። 12400ኤፍ ያ ትንሹ ግራፊክስ የለውም፤ በጥቂት ብር ቅናሽ ተታልሎ ኤፍ የገዛ ቪዲዮ አቀናባሪ እጅግ ብዙ ነው። ኤፍ ባይሆንም ደግሞ ማዘርቦርዱ ካርድ ሲሰካበት የውስጡን ግራፊክስ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር የሚለውን ማብራት አለባችሁ። በኤች.264 የተቀረጸ 10 ቢት 4:2:2 ከሆነ ግን የኢንቴሉም አያድናችሁም። ስለዚህ ገና ከቀረጻው በፊት ካሜራው ላይ ኤች.265ን ወይም 4:2:0ን መምረጥ ነው። የተቀረጸውን ለማዳን ደግሞ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለማቀናበሪያ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ አለ፦ ፕሪሚየር ላይ ፋይሎቹን መርጣችሁ በቀኝ ጠቅ፣ ክሬት ፕሮክሲስ፣ ፕሮሬስ ፕሮክሲ፣ ሩብ መጠን። ማታ ለኮምፒውተሩ ትታችሁት ትተኛላችሁ፤ ጠዋት የድሮው ካርዳችሁ እንደ አዲስ ይሮጣል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው።

ካርድ በቪዲዮ ሥራ ላይ በእርግጥ የሚሠራው ቀለም ሲስተካከል፣ የምስሉ ብናኝ (ኖይዝ) ሲጸዳና ኢፌክት ሲደራረብ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ሌላው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ከፕሪሚየር ይልቅ በካርዱ ላይ ይደገፋል፤ የካርዱ ሜሞሪ ሞላ የሚለው መልእክት ከመጣባችሁ መፍትሔው 12 ወይም 16 ጊጋባይት ያለው ካርድ ነው። እሱም ቢሆን የውዱ መደብ ካርድ አይደለም።

አርክቴክቶችን በተመለከተ አጭር ነው። የንድፍ ፕሮግራሞቹ አውቶካድና ሬቪት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት አንድ ፈጣን ኮር ነው፤ 4090 ሬቪትን አያፈጥነውም። ንድፉን እውነተኛ ወደሚመስል ምስል የሚቀይሩት ሉሚዮን፣ ኤንስኬፕና ዲ5 ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱ የሚኖሩት በካርዱ ላይ ነው። ለአንድ ቪላ 12 ጊጋባይት ይበቃል። ሙሉ ሪል እስቴት ከነዛፉ ከነመኪናው የሚሠራ ሰው 16 ይፈልጋል። ጌም ለሚጫወት ደግሞ ሞኒተሩን እንየው፦ 1080 ጥራትና 60 ኸርዝ ከሆነ በሴኮንድ ከ60 በላይ የሆነውን ፍሬም አያሳያችሁም። 4090 ገዝቶ 60 ኸርዝ ላይ መሰካት ማለት ለአይሱዙ የሚበቃ ሞተር ባጃጅ ላይ መጫን ነው።

አሁን ውዱ ካርድ ወደሚያዋጣበት ሥራ እንምጣ፤ እሱም የ3ዲ ሬንደር፣ ማለትም የ3ዲ ሥራን ወደ ተጠናቀቀ ምስል ማውጣት ነው። ሒሳቡን እናስላው። የ10 ሴኮንድ አኒሜሽን በ25 ፍሬም 250 ምስል ነው። አርቲኤክስ 3060 አንዱን ምስል በ4 ደቂቃ ቢያወጣ 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። በብሌንደር ሳይክልስ 4090 ከ3060 ከ4 እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ያው ሥራ ከ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል። መሀል ከተማ ላይ መብራት በማይቆራረጥበት ሕንፃ የሚሠራ ሰው 16ቱን ሰዓት ከማታ እስከ ጠዋት አሳልፎ ምሳ ሳይደርስ ውጤቱን ያገኛል፤ ተኝቶ ለሚያሳልፈው ሰዓት ደግሞ ማንም ገንዘብ አይከፍለውም። ኮዬ ፈጬ ላይ ግን 16 ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይሄድ ለመቆየቱ በክረምት ማን ዋስ ይሆናል? 4 ሰዓት ግን ይገኛል። ዳርቻው ላይ ይበልጥ ያዋጣል ያልነው ለዚህ ነው፤ የምትገዙት መብራት ባለበት ሰዓት መጨረስን ነው።

በኤሌክትሪክ ፍጆታም ቢሆን ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። 3060 170 ዋት ይወስዳል፤ 4090 450። ነገር ግን 170 ዋት ለ16.7 ሰዓት 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 450 ዋት ለ4.2 ሰዓት 1.9 ነው። በሬንደር ሥራ ፈጣኑ ካርድ ያነሰ ይበላል። ጌም ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ 6 ሰዓት ከተጫወታችሁ 6 ሰዓት ነው። ሙሉ ኮምፒውተሩ 600 ዋት ቢወስድ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 250 ዋት የሚወስደው 45 ነው። ታሪፉ በእርከን ስለሚሄድ ብዙ የሚበላ ሰው ወደ ላይኛው እርከን ይገባል፤ ወርኃዊ ደረሰኛችሁን አውጥታችሁ እዩት።

ደግሞም ካርድ ሳይገዛ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ሬንደሩን በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 አታውጡ። መብራት በ240ኛው ፍሬም ላይ ቢሄድ ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር 239ኙም አብሮ ይጠፋል። በፒኤንጂ ወይም በኢኤክስአር ምስል በምስል አውጡት፤ ብሌንደር የአውትፑት ገጽ ላይ ኦቨርራይት የሚለውን ምልክት አንሱ። መብራት ሲመለስ ሬንደሩን እንደገና ስታስጀምሩት ያለቀውን ዘሎ ከቆመበት ይቀጥላል። መቋረጡ ላይ የነበረው የመጨረሻው ምስል ግን ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል እሱን ሰርዛችሁ ጀምሩ።

ለ3ዲ ከፍጥነትም የሚቀድመው የካርዱ ሜሞሪ ነው። ትዕይንቱ ካርዱ ውስጥ ካልገባ ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ ወደ ራም ፈስሶ ይንፏቀቃል። ሁለት 12 ጊጋባይት ካርድ ጎን ለጎን ሰክቶ 24 አገኘሁ ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ካርድ የትዕይንቱን ሙሉ ቅጂ ይይዛል። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴሎች ለሚሞክሩትም ያው ነው፦ ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል በ4 ቢት ሲጨመቅ 5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 12 ጊጋው ይበቃዋል። ባለ 70 ቢሊዮኑ 40 ገደማ ስለሚፈልግ በ4090 24ም በ5090 32ም አይገባም። በመካከል ያሉ ሞዴሎችን የሚሠራ ሰው ብቻ ነው 24 ጊጋውን በሚገባ የሚጠቀምበት።

ካርዱ የሚገባበት ሳጥን ሌላው ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በብዛት የሚሸጠው ከውጭ ቢሮዎች የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ቀጭኑ ሞዴል ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ከ180 እስከ 260 ዋት ገደማ ነው፣ ለካርድ የሚሆን የኃይል ገመድ የለውም፣ ማዘርቦርዱም ከተለመደው ፓወር ሰፕላይ ጋር በማይገጥም ሶኬት ይሠራል። ለእሱ የሚሆነው ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው፤ ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ስለሚወስድ ይገባል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ኮምፒውተር መቀየር ነው፤ ካርዱን ብቻ አይደለም።

4090 ከ30 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ያልፋል፤ ሦስት አራት ማስገቢያ ይሸፍናል። ኬዙን በሜትር ለኩት፤ ከፊት ያለውን ፋን ውፍረት መቀነስ አትርሱ። ፓወር ሰፕላዩ ለ4090 850 ዋት፣ ለ5090 1,000 ዋት ነው የሚመከረው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። 650 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 30 አምፔር የሚል ካያችሁ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ ያለው 360 ዋት ብቻ ነው።

የቀለጠ ሶኬት ፎቶ ያላየ የለም፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የድሮው ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት በሦስት ፒን ስለሚያሳልፍ በፒን 4 አምፔር ገደማ ይደርሰዋል። አዲሱ ባለ 12 ፒን ግን 600 ዋት በስድስት ፒን ነው፤ በፒን ከ8 አምፔር በላይ ይሆናል፤ ፒኑ ራሱ ደግሞ ያነሰ ነው። ሶኬቱ 2 ሚሊ ሜትር ሳይገባ ከቀረ የሚነካካው ስፋት ይቀንሳል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ እስኪጫን ድረስ ግፉት፤ ክፍተት ካለ በባትሪ መብራት ጎኑን እዩ። ገመዱ ከሶኬቱ በ3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቀት ውስጥ እንዳይታጠፍ አድርጉ። የኬዙ መስታወት የሚጫነው ከሆነ ኬዙ ጠቧችኋል ማለት ነው። ማገናኛ የምትጠቀሙ ከሆነ ከፓወር ሰፕላዩ ለየብቻ የወጡ ገመዶችን ሰኩ፤ አንድ ገመድ ሁለት ራስ ቢኖረው ሁለቱን አትጠቀሙ።

አሁን ወደ ሶኬቱ። የፓወር ሰፕላዩን የጀርባ ጽሑፍ አንብቡ፦ 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ የማታው የቮልት መውረድ አይጥለውም። 200-240 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልቱ 180 ሲገባ ሥራ መሀል ላይ ጥሎ ሊጠፋ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን «ካርዱ ተበላሸ» ብለው ያመጡታል። ቀይ ማዞሪያ ያለበት ርካሽ ከሆነ ደግሞ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ 115 ላይ ተረስቶ ከሆነ በ220 ይፈነዳል። ቮልት ሲወርድ አምፔር ይወጣል፦ 600 ዋት በ230 ቮልት 2.6 አምፔር ነው፣ በ170 ቮልት 3.5። ይህ ለጥሩ ማከፋፈያ ምንም አይደለም፤ ከሱቅ በርካሽ ለተገዛ ቀጭን ማከፋፈያ ግን ሙቀት ነው። ትልቁ ጠላት ደግሞ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ በተሰካ ቁጥር የዚያ መስመር ቮልት ይንገዳገዳል። እንጀራ የሚጋገርበትን መስመርና ኮምፒውተሩን ለያዩ፤ ካልተቻለ በጋገራ ቀን ሬንደር አታስጀምሩ። እናቶች ቀኑን ቀድመው ይናገራሉ፤ ከመብራቱ ይልቅ ይህ ይታመናል።

መብራት ሲሄድ ከባትሪ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። 650 ቪኤ የሚል ትንሽ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት አይበልጥም፤ ቪኤና ዋት አንድ አይደሉም። 4090 ያለው ኮምፒውተር በሬንደር ሰዓት 600 ዋት ስለሚጠጋ፣ መብራት በሄደ ቅጽበት ይጮሃል፣ ያጠፋል፤ ዩፒኤስ ከሌለው በምን ተለየ? ቢያንስ 1,500 ቪኤ 900 ዋት ያስፈልጋል። እሱም ውስጡ ሁለት 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖረው በሙሉ ጭነት የሚሰጣችሁ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሥራ ለማስቀመጥና ለማጥፋት ብቻ። ባትሪው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቆያል፣ በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ርካሹ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ አራት ማዕዘን ስለሆነ አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች በሽግግሩ ሰዓት ይጠፋሉ፤ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ፈልጉ። ባዮስ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሳ አድርጉ። አደገኛው ሰዓት መሄዱ ሳይሆን መምጣቱ ነው፤ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ አብሮ ሲነሳ ቮልቱ ይዋዥቃል። 5 ደቂቃ ታገሱ።

ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ኤርዝ የለም ማለት ነው። የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ጥቂት ኃይል ወደ ብረቱ ያፈሳል፤ ኤርዝ ሲኖር ወደ መሬት ይወርዳል፣ ሳይኖር በእጃችሁ ወይም በሞኒተሩ ገመድ ይወርዳል። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት የሶኬቱን ኤርዝ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ።

4090ን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ፦ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም ላይ ፓወር ሊሚቱን (የካርዱን የኃይል ጣሪያ) ወደ 70 በመቶ አውርዱት። 450 የነበረው 315 ዋት ይሆናል፤ የሚጠፋው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ፒኑም፣ ዩፒኤሱም፣ ማከፋፈያውም ያመሰግኗችኋል።

ስለ ሙቀት ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የአየሩ ቅዝቃዜ ብዙውን ያካክሳል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ግን አያካክስም። አቧራው ይብሳል። ግንባታ ባለበት ሰፈር በበጋ በየሁለት ወሩ በብሎወር አጽዱ፤ ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በነፋሱ ኃይል ከመጠን በላይ ከዞረ ይበላሻል። ኬዙን ከወለል አንሱት።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ፣ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 በካርድ ማውጣትን (ማይኒንግን) ካቆመ ወዲህ ከማውጫ ቤቶች የወጡ ካርዶች ገበያውን እንደሞሉት እወቁ። ለማውጣት መሥራቱ ብቻውን አይገድልም፤ የደረቀ ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ንጣፍ) እና ያለቀ ፋን ግን ትልቅ ችግር ነው። መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ግማሽ ሰዓት ካላስፈተናችሁ አትክፈሉ። ጂፒዩ ዚን ክፈቱ፤ በካርዱ ስም ፊት ፌክ የሚል ከመጣ ትታችሁት ሂዱ። 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጠው ውስጡ የጥንት ጂቲኤስ 450 የሆነ ብዙ ነው። አርኤክስ 580 2048ኤስፒ የሚለውም 570 ነው በስሙ ብቻ ያደገ። ከዚያ ፈርማርክ የተባለውን ካርድ የሚያስጨንቅ የፈተና ፕሮግራም 15 ደቂቃ አስሩጡ። የዋናው ቺፕ ሙቀትና ሆት ስፖት (የቺፑ በጣም የጋለው ነጥብ) የሚለው ልዩነት ከ30 ዲግሪ ካለፈ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቋል። 3080 እና 3090 ላይ የሜሞሪውን ሙቀት እዩ፤ 110 ሲደርስ ካርዱ ራሱን ያዘገያል። 3090 ሜሞሪው ግማሹ በጀርባው ስለሆነ እዚያ ላይ ፓዱ ይደርቃል። በመጨረሻም ካርዱን አውጥታችሁ ከማዘርቦርዱ በሚገባበት ጥርስ ጥግ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከባድ ካርድ ሳይደገፍ ሲንጠለጠል የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ 4090 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የ57 ብር ገደማ ምንዛሪ ይህ 91 ሺህ ብር ነው፤ ምንዛሪው በገበያ ከተተወ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ያው ካርድ 160 ሺህ ሆነ። ይህ የነጋዴ ትርፍ፣ ትራንስፖርትና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይገባ ነው። ምርቱም ስለቆመ በመጀመሪያ ዋጋው የሚገኝ አይደለም። 5090 በ1,999 ዶላር ወጣ፤ ባለ 16 ጊጋባይቱ 5060 ቲአይ ደግሞ በ429። ሁለተኛው 180 ዋት ነው የሚወስደው፣ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል፣ 4:2:2ንም ይፈታል። በአንዱ 5090 ዋጋ 5060 ቲአዩን፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ ፈጣን ኤስኤስዲ፣ ጥሩ ሞኒተርና 1,500 ቪኤ ዩፒኤስ ገዝቶ ተራፊ አለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ካርዱን ገዝቶ ዩፒኤሱን ለሚተው ሰው ነው። በሬንደር ብቻ የሚተዳደር፣ የደንበኛ ቀን የሚያልፍበት፣ 16 ጊጋባይት የሞላበት ሰው ግን ሒሳቡን ሠርቶ ይግዛ፤ አንከለክለውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። በጋዜጣችሁ የኮምፒውተር ማስታወቂያ ሲወጣ ሻጩ ከካርዱ ስም ጋር የሜሞሪውን መጠንና ዋቱን እንዲጽፍ ብትጠይቁት መልካም ነው። 3060 የሚባል ባለ 12ም ባለ 8ም ጊጋባይት አለ፤ 4060 ቲአይ ባለ 8ም ባለ 16ም አለ። ላፕቶፕ ላይ «4090» ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ባለ 16 ጊጋባይት ነው፣ ቺፑም የዴስክቶፑ አይደለም፣ ቢበዛ 175 ዋት ነው የሚወስደው። ስሙን ብቻ አንብቦ የላፕቶፑን በዴስክቶፕ ተስፋ የሚገዛ ሰው አለ።

ካርዱን ገዝታችሁ ኮምፒውተሩን በሚኒባስ ወደ ሰፈር የምትወስዱም፣ ካርዱን ነቅላችሁ በካርቶኑ ለብቻው በእቅፋችሁ ያዙት፤ ኮብልስቶኑ ላይ ኬዝ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሄደ ባለ 2 ኪሎ ካርድ ማስገቢያውን ገንጥሎት ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ